ጉልበትና ወተት

አማርኛ ጉልበትንና ብርታትን በአንድ ቃል ይጠራል። ኦሮምኛ ይለያቸዋል፤ መገጣጠሚያው ጅልባ ነው፣ ኃይሉ ሁምና። ሁለቱንም ቋንቋ ከአንድ ጓዳ የለመድኩ የከሚሴ ልጅ ነኝና ልዩነቱን ልብ ብዬው አላውቅም ነበር። በ1999 ዓ.ም. የግራ እግሬ ሲታመም ግን አማርኛው ልክ መስሎ ታየኝ። ጅልባዬ ሲያብጥ ሁምናዬም አብሮት ሄደ።

ያኔ 23 ዓመቴ ነበር። ማስተማር ከጀመርኩ ገና ሁለተኛ ዓመቴን ይዤ ነበር። የምኖረው ከሚሴ ከተማ በኪራይ ቤት ሲሆን፣ ትምህርት ቤቱ ግን ወደ ጨፋ ሜዳ በሚያወርደው መንገድ ላይ ስለሆነ ጠዋት ጠዋት 40 ደቂቃ በእግሬ እሄዳለሁ። ሚያዝያ ውስጥ አንድ ቀን፣ ሰሌዳው ግርጌ ላይ የቀረችኝን መስመር ልጽፍ ቁጢጥ እንዳልኩ መነሣት አቃተኝ። አልወደቅኩም። የመታኝ የለም። ኳስ ከተጫወትኩ ወራት አልፈዋል። ከፊት ረድፍ የተቀመጠች ተማሪዬ ብድግ አለችና አያቷን እንደምትደግፍ ሁሉ ክንዴን ይዛ አስነሣችኝ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ከእጄ ያመለጠውን ጠመኔ ያነሣልኝ ሌላ ልጅ ነው።

በሦስተኛው ቀን የጉልበቴ ሎሚ በእብጠቱ ተዋጠ። ቆዳው ተወጥሮ ያብረቀርቃል፤ መዳፌን ሳሳርፍበት አሁን ከምጣድ የወጣ እንጀራ ይመስል ይሞቃል። ደግሞ ማታ ማታ ብርድ ብርድ ይለኝና፣ ሌሊት ጋቢዬ ቢጨመቅ ውሃ እስኪወጣው ድረስ ያልበኛል። ጠዋት ትኩሳቱ የለም። አንዳንዴ ሳምንት ሙሉ ይተወኛል። «አልሀምዱሊላህ፣ ተሻለኝ» ብዬ ለሰው ሁሉ ካወራሁ በኋላ ተመልሶ ይመጣል።

«ምን ሆነህ ነው?» ይለኛል ያየኝ ሁሉ።

«እንጃ፣ አመመኝ።»

«ወድቀህ ነው?»

«አይ፣ አልወደቅኩም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

የተሰበረ እግር ታሪክ አለው። ከዛፍ ወረድኩ፣ በቅሎ ጣለችኝ፣ መኪና ገጨኝ ይባልና ጠያቂው ከንፈሩን መጥጦ ይቀመጣል። የኔ ጉልበት የሚነገር ታሪክ አልነበረውም። ውሎ ሲያድር ከሰው ፊት ላይ ጥርጣሬ ማንበብ ጀመርኩ፤ ልጁ ሥራ ጠልቶ ይሆን? የሸሸገው ነገር ይኖር ይሆን? «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ብለው ፊት ለፊቴ የተረቱም አሉ። እኔ የደበቅኩት ነገር አልነበረም። የማውቀውን ሁሉ ለጠየቀኝ ሁሉ እናገር ነበር።

ከሁሉ የከበደኝ መስጊድ ነው። ሱጁድ ሁለቱንም ጉልበት ይፈልጋል። ዲናችን ለታመመ ሰው ተቀምጦ መስገድን እንደፈቀደ አውቃለሁ፤ ፈቃዱን ማወቅና በ23 ዓመት ከሽማግሌዎቹ ጋር ግድግዳ ሥር ወንበር መያዝ ግን ለየቅል ናቸው። ከጎኔ ሰማንያ የዘለሉ አዛውንት ግንባራቸውን ምንጣፉ ላይ ያሳርፋሉ። እኔ ግራ እግሬን እንደ ግንድ ዘርግቼ አንገቴን ብቻ ሰበር አደርጋለሁ። ሰግደን ስንጨርስ አዛውንቱ እጄን ይዘው «አብሽር ልጄ፣ አላህ ያሽርሃል» ይሉኛል። እሳቸው ባሉኝ ቁጥር እንባዬን መዋጥ ነበረብኝ።

እናቴ መጀመሪያ ያለችው «ብርድ ነው፣ ቁርጥማት» ነው። የምተኛበት ክፍል ወለሉ ሲሚንቶ ስለሆነ ጥፋተኛው ሲሚንቶው ሆነ። ለጋ ቅቤ አሞቀች፣ ጥቁር አዝሙድ ደቁሳ ጨመረችበት፣ ሌሊት ሌሊት እየተነሣች አሸችኝ። በእናቴ እጅ ሲታሽ ያልቀለለ ሕመም ከዚያ በፊት አላውቅም ነበር። ያ ግን አልቀለለም።

ከዚያ ወጌሻ ዘንድ ተወሰድኩ። ስለኚህ ሰው የምጽፈው በአክብሮት ነው። በአካባቢያችን ስንት የወለቀ ትከሻ የመለሱ፣ ስንት የተሰበረ ክንድ በቀርከሃ አስረው ያዳኑ አዛውንት ናቸው። አውራ ጣታቸውን ጉልበቴ ሥር አስገብተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ረጅም ጊዜ ዳበሱ። አልጎተቱኝም፣ አላሹኝም። ዓይናቸውን ገልጠው «ልጄ፣ ይሄ አጥንት አይደለም፤ ጅማትም አልዞረም። ከውስጥ የመጣ ነገር ነው። የኔ እጅ አይደርስበትም» አሉና እናቴ የዘረጋችላቸውን ገንዘብ በእጃቸው ጀርባ መልሰው ገፉት። በዚያ ዓመት ጉልበቴን ከዳሰሱት ሰዎች መካከል የማያውቁትን አላውቅም ያሉኝ የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ናቸው። ያን ጊዜ አልገባኝም፤ ተስፋ የቆረጡብኝ መስሎኝ አዝኜ ወጣሁ።

ሰው ሲጨንቀው የማይሞክረው የለም። አንድ ዘመዳችን ለሰኞ ገበያ ባቲ ሲወርድ ይዞኝ ሄደ። ባቲ ከኮምቦልቻ ወደ አፋር በሚወስደው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ሰኞ ሰኞ የደጋው እህልና የቆላው ግመል የሚገናኙባት የታወቀች ገበያ ናት። ከገበያው ጀርባ በምትገኝ አንዲት ጎጆ የጋለ ብረት ጉልበቴን ዙሪያ ሦስት ቦታ ነካኝ። ቁስሉ እስኪሽር የውስጡን ሕመም አስረሳኝና ለአሥር ቀን የዳንኩ መሰለኝ። ሦስቱ ጠባሳዎች ዛሬም አሉ። ሱሪዬን ሰብሰብ አድርጌ እግሬን ስታጠብ ጣቴ ሳያስበው ይቆጥራቸዋል።

ሕክምና ቤትም ሄጃለሁ፤ ደጋግሜ። ከሚሴ ቆላ ናት፣ ቦርከና ይዞራታል፤ የማታ ትኩሳት ሁሉ መጀመሪያ ወባ ነው። ደሜ ታየ፣ ወባ የለም ተባለ። ቀጥሎ የሚመጣው ታይፎይድ ነው። በሦስት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ «ታይፎይድ አለብህ» ተብዬ ሦስት ጊዜ መድኃኒት ጨረስኩ። ለጉልበቱ ዲክሎፌናክ ይወጉኛል፤ ሁለት ቀን ሰው እሆናለሁ፣ በሦስተኛው እመለሳለሁ። ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ደጃቸው ላይ ተሰልፎ ከሚጠብቀው ሕዝብ ብዛት አንጻር ለአንድ ሰው አምስት ደቂቃ መስጠታቸው ራሱ ውለታ ነበር። የማዝነው አምስቱ ደቂቃ ሁልጊዜ ስለ ጉልበቴ ብቻ በመሆኑ ነው። «የት ያምሃል? ስንት ቀንህ ነው? ወድቀህ ነበር?» ከዚያ ወረቀት ይጻፋል።

ሰኔ ላይ ደሴ ሄጄ ራጅ ተነሣሁ። ያነሣኝ ባለሙያ ፊልሙን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥቶ አየና «ንጹሕ ነው፣ ምንም የለብህም» አለኝ። ለሰው የምሥራች ይሆን ይሆናል። እኔ ግን ኮሪደሩ ላይ ካለች አግዳሚ ተቀምጬ የራሴን አጥንት በፖስታ ይዤ አለቀስኩ። ምንም የለብህም ማለት ምን ማለት ነው? ምንም ከሌለብኝ ደረጃውን እንደ ሕፃን አንድ እግር እያስቀደምኩ የወረድኩት ለምንድን ነው?

ዱዓም ተደርጎልኛል። የእናቴን እናት አኮ እንላታለን፤ በኦሮምኛ አያት ማለት ነው። አኮ የምትኖረው ጨፋ ዳር ነው። ሰፈሯን ሰብስባ ወዳጃ አስደገሰችልኝ። ቡናው ተፈላ፣ እጣኑ ጨሰ፣ ጫቱ ተዘረጋ፤ ሽማግሌዎቹ እየተቀባበሉ መረቁኝ፣ ሴቶቹ «አሚን» አሉ። ሌሊቱ እስኪጋመስ በኦሮምኛም በአማርኛም በዐረብኛም የኔ ጉልበት ስም ወደ ሰማይ ወጣ። በሽታው አልለቀቀኝም። ነገር ግን ያቺ ሌሊት በዚያ ዓመት ማንም «ወድቀህ ነው?» ብሎ ያልጠየቀኝ ብቸኛዋ ሌሊት ናት። ምክንያቱን ሳይጠይቁኝ ከነሕመሜ ተቀበሉኝ። ጠዋት ስንለያይ አኮ እንደ ልማዷ ጮጮውን በወይራ አጥና ትኩስ ወተት አልባ ሰጠችኝ፤ በአንድ ትንፋሽ ጠጣሁት።

ጳጉሜን ላይ አጎቴ አዲስ አበባ አስመጣኝ። ከከሚሴ 325 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ እግሬን የማጥፍበት ቦታ ስላልነበረ ረዳቱ ራርቶልኝ ከሾፌሩ ኋላ አስቀመጠኝ። ደብረ ሲናን አልፈን ጣሊያን የቆፈረው የጣርማ በር ዋሻ ስንደርስ የደጋው ብርድ ጉልበቴ ውስጥ እንደ መርፌ ገባ። እናቴ ትዝ አለችኝ፤ ብርድ ነው ያለችው እውነቷን ይሆን?

አንድ ትልቅ ሆስፒታል ውስጥ ያየኝ ዶክተር ሙሉ ሰዓት ሰጠኝ። ልጅ ሳለሁ ጉሮሮዬን ያመኝ እንደነበር ጠየቀኝ፤ ሳይታከም የቆየ ቶንሲል መገጣጠሚያን አሳብጦ ልብን እንደሚጎዳ አስረዳኝና ልቤን ደጋግሞ አዳመጠ። ሳንባ ነቀርሳ አጥንት ውስጥም ይገባል ብሎ ሳል፣ ክሳት፣ በቤት የታመመ ሰው እንዳለ ጠየቀ። ረጅም መርፌ አስገብቶ ከጉልበቴ ውሃ ቀዳ፤ ደፍረስ ያለ ቢጫ ውሃ። ከቀናት በኋላ ስመለስ «ምንም አልበቀለበትም» ተባልኩ። የሚያስታግስ መድኃኒት ተጻፈልኝ፣ ከሦስት ወር በኋላ እንድመለስም ተቀጠርኩ።

በመስከረም 1 ዋዜማ ከተማው ሚሊኒየሙን ሊቀበል ነቅሎ ወጥቷል። አጎቴ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጬ ርችቱን አየሁ፤ ሰማዩ ሲበራ ያበጠው ጉልበቴም አብሮ ይበራል። ሰፈሩ ሁሉ ይተቃቀፋል። 2000 ዓ.ም. ሲገባ እኔ የለመንኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የበሽታዬን ስም። ይዳን አላልኩም። ስሙን ልወቀው ነው ያልኩት። በማግሥቱ ረመዳን ገባ፤ እኔም ወደ ከሚሴ ተመለስኩ።

ከተከራየሁበት ግቢ ማዶ ክፍል የሚኖር አንድ የእንስሳት ሐኪም ነበር። አገሩ ሩቅ ነው፤ ሥራው ጨፋ ሜዳ ላይ ከብት መክተብ ስለሆነ አብዛኛውን ቀን አይገኝም። ክርስቲያን ቢሆንም በረመዳን ማታ ማታ ከእኛው ጋር ይቀመጣል፤ አከራያችን ያለ እሱ ሾርባ አትቀዳም ነበር። አንድ ማታ አኮ በሰው እጅ ወተት ላከችልኝ። አዛን እንዳለ በቴምር አፈጠርኩ፣ ከዚያ ወተቱን በሁለት ብርጭቆ ቀድቼ አንዱን ለሱ ዘረጋሁለት። ተቀበለኝና አፉ ሳያደርስ ቆም አለ።

«ፈልቷል?»

«ምኑ?»

«ወተቱ።»

ትንሽ ቅር አለኝ። በእኛ ዘንድ ወተት የሚፈላው ለአራስ ልጅ ወይም ለቡና ነው። የአኮን ወተት ማፍላት የወይራውን ሽታ ማጥፋት ነው፤ በወይራ የታጠነ ጮጮ ደግሞ ንጹሕ ነው፣ ሌላ ማረጋገጫ አይጠየቅበትም። ይህንኑ ነገርኩት። ብርጭቆውን በቀስታ መሬት ላይ አስቀመጠው። ዓይኑ በዱካ ላይ ወደተዘረጋው እግሬ ሄደ፤ ለወራት ሲያየው የኖረውን እግር ገና አሁን እንዳየው ሁሉ።

«መምህር፣ ይቅርታ አድርግልኝና አንድ ነገር ልጠይቅህ። አያትህ ዘንድ ዘንድሮ የጨነገፈች ፍየል ነበረች?»

ከሚያዝያ እስከ መስከረም ስለ ጉልበቴ ስንት ሰው ስንት ጥያቄ ጠይቆኛል። ስለ ፍየል የጠየቀኝ የለም። የዚያን ጊዜ የካቲት ላይ ያለች አንዲት ሌሊት ፊቴ ላይ ድቅን አለች።

በዚያ በጋ የአኮ ፍየሎች ሦስቱ አከታትለው ጨንግፈው ነበር። «ዓይን ነው» አለች፣ ሌላው «የሣሩ ነው» አለ። ቅዳሜ ላይ ልጠይቃት ሄጄ ሳለሁ አራተኛዋ ሌሊት ላይ አማጠች። ግልገሉ አልወጣ አለ። አኮ ኩራዙን ከፍ አድርጋ ያዘች፣ እኔ እጅጌዬን ሰብስቤ ገባሁበት። ቀን አጥር ስጠግን እሾህ የቧጨረኝ እጄ ላይ ቁስሉ ገና አልደረቀም ነበር። የግልገሉ እግር ያዳልጣል፣ ይሞቃል፤ ሁለተኛውን እግር አግኝቼ ጎትቼ አወጣሁት። ሞቶ ነው የተወለደው። ጸጉር ገና አላወጣም። እጄን በአመድና በውሃ ታጠብኩ። አኮ «የደከምክበትን አላህ አይንሳህ» ብላ መረቀችኝና ከሌላይቱ ፍየል የታለበውን ወተት ሰጠችኝ። ልብሴ ላይ የቀረውን ደም እስከ ጠዋት አላየሁትም።

ይህን ስነግረው ሐኪሙ አላቋረጠኝም። ስጨርስ ግን ረጅም ጊዜ አወራልኝ። ጨፋ በኦሮምኛ ረግረጋማ መስክ ማለት ነው፤ ቦርከና ወደ አዋሽ ሲወርድ የሚተኛበት አረንጓዴ ሜዳ። በጋ ላይ ሌላው አገር ሲደርቅ የአፋሩም፣ የኦሮሞውም፣ የአርጎባውም ከብት ወደዚያ ይወርዳል። ውሃውን ይጋራል፣ ሣሩን ይጋራል። ከመካከላቸው አንዲት የታመመች ብትጨነግፍ ውሃዋና የእንግዴ ልጇ በሣሩ ላይ ይቀራል፤ የሌላው መንጋ በዚያ ያልፋል። «ለከብት የውርጃ በሽታ እንለዋለን። ሰው ላይ ሲገባ ግን ትኩሳትና የሌሊት ላብ ይሆናል፣ ወገብ ወይም ጉልበት ይይዛል። በጥሬ ወተት ይገባል፤ እንዳንተ በባዶ እጅ ያዋለደም ያገኘዋል።» ከደብተሬ ላይ ቁራጭ ወረቀት ቀደደና በትልልቅ ፊደል ጻፈልኝ፦ ብሩሴሎሲስ። «እኔ የከብት ሐኪም ነኝ፤ ለሰው መድኃኒት አላዝም። ይሄ ነው ብዬም አልምልልህም። ይህን ስም ለሐኪም ብቻ አሳየው።»

ወረቀቱን ትራሴ ሥር አድርጌ ተኛሁ። ስም ነበር የለመንኩት። ስም መጣልኝ።

ኋላ ላይ ሳነብ ይህ በሽታ እኔ ላይ የሠራውን ሁሉ ከመቶ ዓመት በፊት ማልታ በምትባል የሜዲትራንያን ደሴት ላይ ሠርቶት አገኘሁ። የእንግሊዝ ወታደሮች እዚያ ሲሰፍሩ በሚሄድና በሚመለስ ትኩሳት፣ በላብና በመገጣጠሚያ ሕመም ወራት ሙሉ ይተኙ ነበር። ዴቪድ ብሩስ የተባለው የጦር ሐኪም ተህዋሲውን በ1887 እ.ኤ.አ. አገኘው፤ የበሽታው ስም የተወሰደው ከሱ ስም ነው። ከየት እንደሚመጣ ግን እስከ 1905 አልታወቀም ነበር። ያን የደረሰበት ቴሚስቶክሌስ ዛሚት የሚባል የደሴቲቱ ተወላጅ ሐኪም ነው፤ ፍየሎቹን መርምሮ። ማልታ ውስጥ ያኔ ፍየል በየደጁ እየተነዳች በር ላይ ትታለብ ነበር። ጤነኛ የሚመስሉ ፍየሎች፣ ትኩስ ወተት፣ የደንበኛው ዕቃ። በተከታዩ ዓመት ወታደሮቹ ጥሬ የፍየል ወተት እንዳይጠጡ ሲደረግ በሽታው በመካከላቸው ቶሎ ጠፋ። ይህን ሳነብ የአኮ ደጅ ታየኝ። ደግሞም ያ የአዲስ አበባው ዶክተር የቀዳው ውሃ ለምን ምንም እንዳላበቀለ ገባኝ፤ ይህ ተህዋሲ በላቦራቶሪ የሚያድገው እጅግ በዝግታ ነው፣ ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል። ፈልገው ካልጠበቁት አይታይም።

እዚህ ላይ በልቤ ያለውን ልናገር። በእኛ አገር የሰው ሐኪምና የከብት ሐኪም እምብዛም አይገናኙም። የቢሮዎቻቸው አጥር ይጎራበት ይሆናል፤ ወሬያቸው ግን አይጎራበትም። አንዱ ዘንድ የጨነገፉ ፍየሎች ቁጥር አለ፣ ሌላው ዘንድ የማይሻላቸው የታይፎይድ በሽተኞች ካርድ አለ። ሁለቱን ወረቀት አጠገብ ለአጠገብ ያስቀመጠ ሰው ቢኖር ኖሮ እኔ ባቲ ድረስ ሄጄ ባልተተኮስኩ። በ2015 እ.ኤ.አ. የሁለቱም ወገን ባለሙያዎች አንድ ላይ ተቀምጠው ከእንስሳት ወደ ሰው የሚተላለፉ በሽታዎችን ቅደም ተከተል ሲያወጡ፣ ከእብድ ውሻ በሽታና ከአባ ሠንጋ ጋር ብሩሴሎሲስን ከአምስቱ ቀዳሚዎች አንዱ እንዳደረጉት ሳውቅ ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ግን ደስታዬ ሙሉ የሚሆነው ጨፋ ዳር ባለ ጤና ጣቢያ፣ ትኩሳትና የመገጣጠሚያ ሕመም ይዞ የገባ እረኛ «ወተት አፍልታችሁ ነው የምትጠጡት? ከብቶቻችሁስ ደኅና ናቸው?» ተብሎ ሲጠየቅ ነው። ለዚህ ጥያቄ መሣሪያ አያስፈልግም። ገንዘብም አይጠይቅም።

ኢድ ካለፈ በኋላ ወረቀቴን ይዤ ደሴ ወጣሁ። ያገኘኋት ወጣት ሐኪም ስሙን አነበበች፣ ቀና ብላ አየችኝ፣ «ማን ነው የጻፈልህ?» አለች። ነገርኳት። አልተቆጣችም፤ እንዲያውም ወንበሯን ወደኔ ሳብ አድርጋ ከመጀመሪያው እንድነግራት ጠየቀችኝ። ደም ተቀዳ። የላቦራቶሪው ሰው ጓጉቼ ቆሜ ሲያየኝ አዘነልኝ መሰለኝ፣ «ና እይ» አለኝ። ነጭ ሰሌዳ ላይ ከደሜ የወጣውን ጠብታ አኖረ፤ ከጎኑ ጽጌረዳ ቀለም ያለው ሌላ ጠብታ። በእንጨት አዋሐዳቸውና ሰሌዳውን ዘንበል ቀና እያደረገ ያናውጠው ጀመር። መጀመሪያ ለስላሳ ነበር። ከዚያ ዳር ዳሩ ላይ ነጠብጣብ ታየ። ነጠብጣቡ ተሰባሰበ፣ ተቋጠረ። ልክ ወተት ሲረጋ። ዐይኔ እያየ፣ አራት ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ፣ ደሜ ውስጥ ያለው ነገር እርጎ ሆነ።

ሰው በሽታ ተገኘብህ ሲባል ይደነግጣል። እኔ ሰውየውን አቀፍኩት።

ዶክሲሳይክሊን ጠዋትና ማታ ለ6 ሳምንት፤ ከሱም ጋር ለሦስት ሳምንት በየቀኑ የስትሬፕቶማይሲን መርፌ። መርፌውን ከሚሴ ነበር የምወጋው። «ጆሮህ ከጮኸብህ ወይ ካዞረህ ቶሎ ንገረኝ» ትለኛለች ነርሷ በየቀኑ። የመድኃኒት ቤቱ ሰው ደግሞ እንክብሉን ሲሰጠኝ ጣቱን አንሥቶ «ከወተት ጋር እንዳትወስደው፣ ኃይሉን ይቀንሰዋል» አለኝ። ከአኮ የመጣ ሌላ ጮጮ ያን ሰሞን ቤቴ ተቀምጦ ነበር። ለአከራያችን አፍልታ ለልጆቿ እንድትሰጥ ሰጠኋት።

በሁለተኛው ሳምንት የሌሊቱ ላብ ቆመ። በአራተኛው ሎሚው ተመልሶ ታየ፤ እንደ ጠፋ ሰው። ኅዳር መጨረሻ ላይ አንድ ዓርብ፣ ወንበሬን ትቼ ረድፉ ውስጥ ገባሁ። ከጎኔ እኚያው አዛውንት ናቸው። ወደ ሱጁድ ስንወርድ ቀኝ ጉልበቴ ነካ፣ ግራው ተከተለ፤ ትንሽ ጥርቅ አለ እንጂ አልጮኸም። ምንጣፉ የእግር ሽታና የእጣን ሽታ ነበረው። ግንባሬን አሳርፌ ከኢማሙ በኋላም ጥቂት ዘገየሁ። አዛውንቱ ካሰላመትን በኋላ ምንም አላሉም፤ መዳፋቸውን ግራ ጉልበቴ ላይ አድርገው ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረጉት።

የቀረው አኮ ናት። መንገዱን ሙሉ ምን እንደምላት ሳስብ ሄድኩ። ወተቷ ክብሯ ነው። ጮጮዋን ከልጅነቷ ጀምሮ በወይራ እያጠነች ልጆች አሳድጋበታለች፣ እንግዳ ተቀብላበታለች፣ ሙሽራ መርቃበታለች። እንዴት ብዬ ያመመኝ እሱ ነው እላታለሁ? ደግሞም እውነቱ እኔም ዘንድ የለም፤ ወተቱ ይሁን የዚያች ሌሊት ግልገል ማንም ለይቶ ሊነግረኝ አይችልም። ስለዚህ የግልገሉን ብቻ ነገርኳት። በቁስል እጅ መግባት አልነበረብኝም፣ የጨነገፈውን መቅበር ነበረብን፣ ፍየሎቹን ሐኪሙ መጥቶ ያያቸዋል አልኳት። ስለ ወተት፣ «ሐኪሙ ለጊዜው አፍልታችሁ ጠጡ ብሏል» አልኩና ዐይኗን ሳላይ አለፍኩት።

ዝም ብላ ሰማችኝ። ቡናውን አቀረበች። ከመደቡ ስትነሣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ «ያ ረቢ» አለች፤ እኔ ካወቅኳት ጀምሮ እንደዚያው ነው የምትነሣው። ወገቧ ስንት ዓመቱ ነው? ማታ ማታስ ያልባት ነበር? ያኔ ነው እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ የጠየቅኳት። ደሴ ወስጄ ላሳይሽ አልኳት። «የኔ እርጅና ነው፣ የኔ ጌታ፤ አንተ ዳንክልኝ» ብላ እምቢ አለች። ሦስት ጊዜ ለመንኳት፤ ሦስቴም እምቢ አለችኝ። ዛሬ ቢሆን ኖሮ ተሸክሜም ቢሆን እወስዳት ነበር።

በሚቀጥለው ወር ስመጣ ምድጃው ላይ አንድ የማላውቀው ድስት ተጥዷል። አኮ ጎንበስ ብላ ወተቱ ሊገነፍል ሲል እፍ እያለች ታበርደዋለች፤ ሦስት ጊዜ ወጣ፣ ሦስት ጊዜ መለሰችው። ከዚያ ጮጮውን አነሣች። አፉን ዘቅዝቃ እንደ ዱሮው የወይራውን ጭስ አጠገበችው። የፈላውን ወተት ሲበርድ ገልብጣበት ዘረጋችልኝ። ላዩ ላይ ወፍራም ስልባቦት ተንሳፍፏል።

«ሽታው አለ?» አለችኝ ዐይን ዐይኔን እያየች።

ቀመስኩት።

«አለ፣ አኮ» አልኳት።